ሁለተኛው ክፍል ስለ ምን ያሳዝናል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ክበብ አባሎች የተነበበ ንግግር



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ቀን ስለ ጨዋታ እንናገራለን ብለን ስንነሣ፥ ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ለእንዲህ ያለ ቀን ከዚህ የተሻለ ርእስ ጠፍቶ ነውን?» ትሉን ይሆናል። ነገር ግን የመረጥነው ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ የጨዋታ ይምሰል እንጂ፥ ውስጡ ሲመረመር ስለ ሥራ የሚናገር ነው። ይኸውም፥ ሰው አንድ ጊዜ መልካም ሥራ ሠርቶ ከተመሰገነ በኋላ ሁለተኛውን ሲሠራ ስለ ምን ይደክማል? የመጀመሪያውን ወድደው ያጨበጨቡለት ሰዎችስ ሁለተኛውን ባዩ ጊዜ ስለ ምን ያዝናሉ? የሚል ጥያቄ ነው። ይህም ጥያቄ ዘንድሮ በክበባችን ደጃፍ ስለ ቆመ፥ መልሱን በእናንተ ፊት ማቅረብ ግዴታችን ሆነ።

እንደምታስታውሱት፥ ባለፈው ዓመት ክበባችን በኮምፒዩተር አንዲት ትንሽ ጨዋታ ሠርቶ ለታናናሾቻችን አሳይቶ ነበር። ጨዋታይቱ ከሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ ተጭና፥ የእንጦጦን ዳገት አልፋ ወደ አዲሱ ገበያ የምትወርድ የአንዲት አህያ ታሪክ ናት። ተጫዋቹ ብዙ ድርቆሽ ቢጭን ብዙ ያተርፋል፤ ጭነቱ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን አህያይቱ ከመንገዱ መካከል ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቢለምኗትም ቢቆጧትም አትነቃነቅም፤ መድኀኒቱ ጭነቱን መቀነስ ብቻ ነው። ታናናሾቻችን በዚህ ነገር እጅግ ሣቁ፤ ሣቃቸውም ወደየቤታቸው ተከትሏቸው ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያገኘን ሁሉ «ሁለተኛው ክፍል መቼ ነው?» ሳይለን አያልፍም። እንዲያውም ለዛሬው በዓል ሁለተኛው ክፍል በዓይን ላይ በሚጠለቅ መነጽር የሚታይ ሆኖ እንዲቀርብ ብዙ ሰዎች አሳስበውን ነበር።

ዛሬ ግን አላቀረብነውም። ስለ ምን እንዳላቀረብነው ለማስረዳት፥ አስቀድመን በሌላው ዓለም የሆነውን አንድ ነገር እንድትመለከቱልን እንለምናለን።

ይህ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው፥ በእኛ ቋንቋ ምናባዊ እውነታ ልንለው የምንችለው ነገር ምንድር ነው? አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን ተራርቀው ስለ ተቀመጡ፥ ቀኝ ዓይን የሚያየውና ግራ ዓይን የሚያየው ጥቂት ይለያያል፤ አእምሮአችንም ሁለቱን አስተባብሮ የነገሩን ጥልቀትና ርቀት ያውቃል። መሣሪያው ይህንኑ በመከተል ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ሥዕል ያሳያል። ራሳችንን ወደ ቀኝ ብናዞር ሥዕሉ አብሮ ይዞራል፤ ቀና ብንል ሰማዩ ይታየናል። ሥዕሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 72 ወይም 90 ጊዜ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መለዋወጥ አለበት። ከራሳችን እንቅስቃሴ ወደ ኋላ የዘገየ እንደ ሆነ፥ ዓይን አንድ ነገር ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ ሌላ ነገር ይናገራሉና፥ ሰውየው ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋልም።

ሐሳቡ የዛሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሞርተን ሃይሊግ የተባለ አሜሪካዊ «ሴንሶራማ» ለተባለ መሣሪያ የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ ተመልካቹ ተቀምጦ ሥዕሉን ሲያይ ድምፅ ይሰማል፥ ነፋስ ይነካዋል፥ ሽታም ይሸተዋል። በ1968 ደግሞ አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋራ በራስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ አሳየ፤ ክብደቱ ግን ለአንገት የማይቻል ስለ ነበረ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ይያዝ ነበር። ከዚያ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፥ በ2012 ኦኩለስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ከሕዝብ ገንዘብ ለምኖ ሥራውን ጀመረ። በ2014 ፌስቡክ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የጨዋታ ሠሪዎችም በዚህ መንገድ ጐረፉ።

በእኛ ሦስት ከተሞች፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ፥ ይህን መነጽር አጥልቆ ያየ ሰው ከብዙዎቹ ጥቂቱ ነው። እኛ የምናውቀው ጨዋታ ወይ በየሰፈሩ ባለው የፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት ወይም በግጥሚያ እየከፈልን የምንጫወተው ኳስ ነው፤ ወይም በስልክ የሚገኘው ነው። በስልክ ከሚገኙትም መካከል ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት የሠራውን፥ ዶሮዋ ከባለቤቷ የምትሸሽበትን «ኩኩሉ»ን ያልሰማ አይኖርም ብለን እንገምታለን። የመነጽሩ ጨዋታ ሩቅ ቢሆንም ታሪኩ ግን የሩቅ አይደለምና እንቀጥል።

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2020 ስካይዳንስ ኢንተራክቲቭ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «ዘ ዎኪንግ ዴድ፥ ሴይንትስ ኤንድ ሲነርስ» የተባለ የመነጽር ጨዋታ አወጣ። ታሪኩ ሙታን ከተነሡ በኋላ በጐርፍ በተጥለቀለቀችው በኒው ኦርሊንስ ከተማ የሚፈጸም ነው። ርእሱ የሚያስፈራ ቢሆንም፥ ተጫዋቾች የወደዱት ማስፈራራቱን ብቻ አልነበረም። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ነገር ሁሉ ክብደት አለው። ቢላዋ ቀላል ነው፤ መጥረቢያ ግን በአንድ እጅ የተወረወረ እንደ ሆነ ይዘገያልና በሁለት እጅ መያዝ ይኖርበታል። የያዙት መሣሪያ ሲሠሩበት ያረጃል፥ ይሰበራልም። ተጫዋቹ ከየቤቱ እንጨትና ጨርቅ፥ ቆርቆሮና ምግብ እየለቀመ በኋላው ቦርሳ ይከታል፤ የሚፈልገውንም በእጁ ይሠራል። ጊዜውም የተወሰነ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ በከተማይቱ ደወል ይደወላል፥ ሙታኑም በመንገዱ ይሞላሉ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር የሚለቀመው ያንሳል፥ አደጋው ይበዛል። ስለዚህ ተጫዋቹ «ይህን ቤት ልፈትሽ ወይስ ልመለስ?» እያለ በገዛ ራሱ ፍርድ ይኖር ነበር። የተወደደውም ይህ ነው።

በታኅሣሥ ወር 2022 ሁለተኛው ክፍል «ሪትሪቢዩሽን» ተብሎ ወጣ። ሌሊት መውጣት ተጨመረ፤ የሞተር መጋዝ ተጨመረ፤ አዲስ ጠላትና አዲስ ሰፈርም ተጨመረ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን የወደዱ ብዙ ሰዎች አዘኑ። አንደኛ፥ ቀድሞ ጥግ ጥጉን ወደሚያውቁት ሰፈር ደግመው እንዲመላለሱ ሆኑ፤ መንገዱን በቃል የሚያውቅ ሰው ደግሞ አይፈራም፥ አይደነቅምም። ሁለተኛ፥ ጨዋታው ገና በወጣበት ጊዜ ብዙ የአሠራር ጕድለት ተገኘበት፤ ኩባንያውም ከወጣ በኋላ እርማት እየላከ ማስተካከል ግድ ሆነበት። ሦስተኛ፥ የተጨመረው ነገር የተወደደውን ነገር አላጠለቀውም። የሞተር መጋዝ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ተጫዋቾቹ የወደዱት ድምፁን አልነበረምና። እርግጥ ነው፥ «ያንኑ የወደድነውን ጥቂት ጨምሮ ሰጠን» ብለው የተደሰቱም ነበሩ፤ ፍርዳችን ትክክል እንዲሆን ይህንንም መናገር ይገባናል።

የዚህ ሐዘን ምክንያት ከየት ይመጣል? እኛ በክበባችን ተከራክረን ሦስት ምንጭ አግኝተናል።

የመጀመሪያው ከመሣሪያው የሚመጣ ነው። የመነጽር ጨዋታ ቀድሞ የሚሠራው ከትልቅ ኮምፒዩተር ጋራ በገመድ ታስሮ ነበር። በጥቅምት ወር 2020 የወጣው «ክዌስት 2» ግን ገመድ የለውም፤ በውስጡ ያለው አንጎል ከስልክ ጋራ የሚቀራረብ ነው፥ የሚሠራውም በባትሪ ነው። ዋጋው መጀመሪያ በአሜሪካ 299 ዶላር ስለ ነበረ ብዙ ሰው ገዛው። ጨዋታ ሠሪውም ብዙ ገዢ ወዳለበት ሄደ። ነገር ግን ለትልቅ ኮምፒዩተር የታሰበውን ዛፍ፥ ጥላና ብርሃን ትንሹ መሣሪያ አይሸከመውም፤ ስለዚህ መቀነስ ግድ ይሆናል። በዚሁ ዓመት በሐምሌ ወር «ኦንዋርድ» የተባለው የወታደር ጨዋታ ለክዌስት እንዲስማማ ሲታደስ፥ በትልቅ ኮምፒዩተር ይጫወቱ የነበሩት የቆዩ ወዳጆቹ «የእኛው ሥዕል ተበላሸ» ብለው እጅግ ተቈጡ። አዲሱ እንግዳ ሲገባ አሮጌው ባለቤት ከመቀመጫው ተነሣ ማለት ነው። እነሆ የእኛይቱ አህያ ትዝ አትልምን? ከዐቅሟ በላይ የተጫነች ትቆማለች፤ መፍትሔውም ጭነቱን መቀነስ ነው። ጥያቄው ከጭነቱ የትኛው ይውረድ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ከሠሪው ልብ የሚመጣ ነው። በጃፓን አገር ጉንፔ ዮኮይ የተባለ የኒንቴንዶ መሐንዲስ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1989 «ጌም ቦይ» የተባለውን በእጅ የሚያዝ ጨዋታ ከባልደረቦቹ ጋራ አወጣ። ሥዕሉ ቀለም አልነበረውም፤ ነገር ግን ርካሽና ጠንካራ ነበር፥ ባትሪው ብዙ ይቆያል፥ ሕፃን በየሄደበት ይዞት ይሄዳል። ዓለም ሁሉ ወደደው። ይኸው ሰው በ1995 «ቨርቹዋል ቦይ» የተባለውን፥ በዓይን ውስጥ ጥልቀት የሚያሳይ መሣሪያ አቀረበ። ስሙ የወንድሙን ስም ይመስል ነበር፤ ጠባዩ ግን አልመሰለም። ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ አንገትን ደፍቶ የሚታይ ስለ ሆነ በኪስ አይያዝም፤ ሥዕሉ በቀይ ቀለም ብቻ ነው፤ ብዙዎቹንም ዓይናቸውንና ራሳቸውን አመማቸው። አንድ ዓመት ያህል እንኳ ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። ከዚህ የምንማረው የሠሪው ዕውቀት አለማነሱን ነው፤ ሰውየው ያው ሊቅ ነበረና። የጐደለው፥ የመጀመሪያው የተወደደበት ምክንያት ወደ ሁለተኛው አለመሻገሩ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ ከወዳጁ ከራሱ የሚመጣ ነው። ይህን ደፍረን መናገር ይገባናል። ሰው መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አጥልቆ፥ ያልነበረ ገደል ከእግሩ በታች ሲያይ እግሩ ይብረከረካል። ያ ድንጋጤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ክፍል ያንን የመጀመሪያ ድንጋጤ መልሶ እንዲሰጠን የምንጠብቅ ከሆነ፥ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ይሆንብናል። ከዚህም ጋራ፥ ያዘነ ወዳጅ ሐዘኑን የሚገልጽበት መንገድ አለ። «ሠሪዎቹ ሰነፎች ናቸው፥ ሌቦች ናቸው» ብሎ መስደብ ለማንም አይጠቅምም። «ቀድሞ ደወሉ ሲደወል እፈራ ነበር፤ አሁን ግን መንገዱን ስለማውቅ አልፈራሁም» ብሎ የጠፋውን ነገር በስሙ ጠርቶ ማሳየት ግን ሠሪውን ያስተምረዋል። ገንዘቡን የከፈለ ሰው የመናገር መብት አለው፤ መብቱም የሚከበረው ነገሩን አጥርቶ ሲናገር ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ሁሉ ይወድቃልን? አይደለም። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ የ«ሃፍ ላይፍ»ን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1998፥ ሁለተኛውንም በ2004 አውጥቶ ነበር። ከ2007 በኋላ ግን ዝም አለ፤ ወዳጆቹም ቀጣዩን ለ13 ዓመት ጠበቁ። በመጋቢት ወር 2020 «ሃፍ ላይፍ፥ አሊክስ» ወጣ። የጠበቁት ሦስተኛው ክፍል አልነበረም፤ ታሪኩም ከሁለተኛው በፊት የሆነ ነው፤ የሚሠራውም በመነጽር ብቻ ነበር። ቢሆንም ብዙዎቹ ተደሰቱ። ስለ ምን? ሠሪዎቹ የድሮውን ጨዋታ በመነጽር ውስጥ ዝም ብለው አልገለበጡትምና ነው። «መነጽሩን ያጠለቀ ሰው እጁ ነፃ ነው፤ እጁ ምን ሊሠራ ይወዳል?» ብለው ጠየቁ፤ ከሩቅ ያለውን ዕቃ ወደ እጅ የሚስብ ጓንት ሠሩለት። መሳቢያ ይከፍታል፥ ጠርሙስ ያነሣል፥ ጥይት በእጁ ይጐርሳል። የቀድሞው ጨዋታ መንፈስ ከአዲሱ መሣሪያ ጠባይ ጋራ ተጋባ።

ነገር ግን ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ብቻ መሄድ አይገባንም። ከሱሉልታ እስከ እንጦጦ ያለው ከፍታ ሯጮች ዘወትር ማለዳ የሚለማመዱበት ስለ ሆነ፥ ምሳሌው በደጃችን ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ዓለም ተደነቀ። «ሁለተኛውስ?» የሚለው ጥያቄ በእርሱም ላይ መጣ። ከቶኪዮው ውድድር አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ፥ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ልብ በሉ፤ በቶኪዮ የሮጠው በጫማ ነው። ሮም ላይ ዓለም የወደደው ባዶ እግሩን ነበርና፥ ለጭብጨባ የሚሮጥ ሰው ቢሆን ኖሮ ጫማውን ያወልቅ ነበር። አበበ ግን የድሉ ሥር ባዶ እግር እንዳልሆነ ያውቅ ነበር፤ ሥሩ ልምምዱ፥ ትዕግሥቱና የሩጫው ስልት ነው። ስለዚህ ላይ ላዩን ለውጦ ሥሩን ጠበቀ። በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ በሜክሲኮ ሕመሙ ጠንቶበት ከመንገድ ሲወጣ ደግሞ፥ ማሞ ወልዴ ቀጥሎ አሸነፈ። ሦስተኛው ክፍል በሌላ ሰው እግር ተፈጸመ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ለሁለተኛው ክፍል ብዙ ምክር ተሰጥቶናል። አንዱ «አህያይቱን ትታችሁ ፈረስ አድርጉ» አለን፤ ሌላው «ባለሞተር ይሁን» አለን፤ ሌላውም «ሽፍታና ተኩስ ይግባበት» አለን። እኛም ይህን ሁሉ ጽፈን ለታናናሾቻችን አነበብንላቸው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ «አህያይቱስ አሁንም እንቢ ትላለች?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ሁሉ ምክር ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል የተወደደበትን ምክንያት የነካው የእርሷ ጥያቄ ብቻ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ ከሰበታ መጣልን። እንደምታውቁት በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ የመጣ አንድ እንግዳ ተማሪ ጓደኛው ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጦ፥ «አህያይቱ ስትቆም እኔ በምን ዐውቃለሁ?» አለን። ስለ መነጽር ስናስብ ለነበርን ለእኛ ይህ ጥያቄ አዲስ በር ከፈተልን። ምናባዊ እውነታ የዓይን ብቻ አይደለምና። ከግራ የሚመጣ ድምፅ ወደ ግራ ጆሮ ጥቂት ቀድሞና ጐልቶ ይደርሳል፤ አእምሮም በዚህ ልዩነት ድምፁ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። ይህንን ለማድረግ ውድ መነጽር አያስፈልግም፤ ተራ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። የኮቴዋ ድምፅ፥ የትንፋሿ መክበድ፥ ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባ፥ በዳገቱ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ፤ ይህ ሁሉ በጆሮ ብቻ የሚሄዱበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ክበባችን ተሰብስቦ እንደሚከተለው ወስኗል። ሁለተኛው ክፍል በመጀመሪያ በጆሮ የሚጫወቱት ይሆናል፤ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ይጨመራል። አህያይቱ እንቢ ማለቷን አትተውም። አዲስ ነገር የሚጨመረው ይህን እንቢታዋን የሚያጠልቅ ከሆነ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ በክረምት ድርቆሹ ሲረጥብ ጭነቱ በመንገድ ላይ እየከበደ ይሄዳል፥ ተጫዋቹም መጠለያ መፈለግ ይኖርበታል። ሥራውም በአደባባይ ከመታየቱ በፊት ከሦስቱም ከተሞች የተመረጡ ታናናሽ ተማሪዎች፥ ከሰበታም የመጣው ወንድማችን ከጓደኞቹ ጋራ፥ ተጫውተው የሚሉትን ይሉታል። የሚታይበትን ቀን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

ኮምፒዩተር ያዋሳችሁን ወላጆች፥ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አብራችሁን ያመሻችሁ መምህራን፥ «ለበዓሉ ይደርሳል» ብላችሁ በጉጉት የጠበቃችሁ ሁሉ ዛሬ ባዶ ጠረጴዛ ማየታችሁ ደስ እንደማያሰኛችሁ እናውቃለን። ያዋሳችሁንንም ዕቃ መልሱ ብትሉን ቅር ሳንሰኝ እንመልሳለን። ነገር ግን አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉትን አስታውሱልን። ለበዓል ቀን ብለን በጥድፊያ ብናሳያችሁ፥ ዛሬ ታጨበጭቡልን ነበር፤ ነገ ግን የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ አህያይቱን ፈልጋ ታጣት ነበር። ከእናንተ ጭብጨባና ከእርሷ ሐዘን አንዱን እንድንመርጥ በተገደድን ጊዜ የመረጥነው ይህን ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ጨምረን እናበቃለን። ትምህርት ቤት ራሱ ሁልጊዜ ሁለተኛ ክፍል የሚሠራ ቤት ነው። ከእኛ በፊት የተማሩት የመጀመሪያውን ክፍል ሠርተውልን አልፈዋል፤ ዛሬ የምናከብረው በዓልም የእነርሱ ነው። ሕንፃው ቢታደስ፥ መሣሪያው ቢለወጥ፥ ጥቁር ሰሌዳው በሌላ ቢተካ ጫማ እንደ መልበስ ነው፤ መልካም ነው። መምህር ተማሪውን በስሙ የሚያውቅበት፥ ትልቁ ትንሹን የሚያስጠናበት፥ ያልገባው «አልገባኝም» ለማለት የማያፍርበት ልማድ ግን ሥሩ ነው። ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ለማስረከብ የሚገባን እርሱን ነው።